ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚጓዘው የአልጋ ልብስ

በጦር ሰፈር ኑሮ ውስጥ ዕቃ ማሠርና ዕቃ መፍታት ምን ያህል የተለመደ መሆኑን ለሠራዊቱ አባላት ባለቤቶች መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ድስቱ፣ ምጣዱ፣ ፍራሹ፣ የልጆቹ ደብተር በየት በኩል እንደሚገባ እጃቸው ያውቀዋል። ሆኖም ከዕቃው ሁሉ መካከል በመንገድ ላይ የሚጎዳ፣ ጉዳቱም ወዲያው የማይታይ አንድ ነገር አለ። እርሱም በየምሽቱ በመርፌ ሲሠራ የከረመው፣ ገና ያልተገጣጠመው የአልጋ ልብስ ነው።

ብዙዎቹ እናቶችና እኅቶች የአልጋ ልብሱን ሙሉውን በአንድ ጊዜ ይዘው አይሠሩም። ለዚያ የሚበቃ ሰፊ ቤትም ሰፊ ጊዜም የለም። አቡጀዲውን ወይም ከልብስ ስፌት የተረፈውን ባለቀለም ቁራጭ እኩል በሆኑ ካሬዎች ይቆርጡና እያንዳንዱን ለብቻው ጠልፈው ወይም ገጣጥመው ካበቁ በኋላ፣ በመጨረሻ ሁሉንም በአንድነት ይሰፉታል። ዘዴው ለወታደር ቤት የተፈጠረ ይመስላል። አንዱ ካሬ ጉልበት ላይ ያርፋል፤ ልጅ ሲያለቅስ ይቀመጣል፤ ልጁ ሲተኛ ደግሞ እንደገና ይነሣል።

በምሥራቅ በሚገኝ አንድ የጦር ሰፈር የሚኖሩ የአንድ ሃምሳ አለቃ ባለቤት እያንዳንዱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ 30 ካሬ በሁለት ዓመት ውስጥ ጠልፈው ጨርሰው ነበር። በወርዱ 5፣ በቁመቱ 6 ሆኖ ሲገጣጠም 2 ሜትር በ2 ሜትር ከ40 የሚሆን የአልጋ ልብስ ይወጣዋል። የታሰበውም ለበኩር ልጃቸው ሠርግ ነው። ባለቤታቸው ከደጋው ሰፈር ሲዛወሩ ለመሰናዶ የቀራቸው አራት ቀን ብቻ ስለ ነበረ፣ ወይዘሮዋ ካሬዎቹን በዋዜማው አጥበው፣ እርጥበታቸው ሳይለቅ ተኩሰው፣ እያንዳንዱን አራት ላይ አጥፈው በላስቲክ ከረጢት አስገቧቸው። ከረጢቱ በጆንያ ተጠቅልሎ አውቶቡስ ጣራ ላይ ወጣ። በላዩም የቅቤው ጣሳ ተጫነበት።

2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ 1,000 ሜትር ገደማ ወደ ሆነው የአዋሽ ሸለቆ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው የሆነውን ለመገመት አይቸገርም። ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነ ሙቀት ይቀልጣል፤ በቀትር ፀሐይ የጋለ የአውቶቡስ ጣራ ግን ከዚያ ይበልጣል። በዚህ ላይ ቤት እስኪገኝ ድረስ ዕቃው ሦስት ሳምንት ሳይፈታ ቆየ። ሲፈታ 3 ካሬዎች ቅቤ ጠጥተው፣ 2ቱ ሻግተው፣ በሁሉም ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው እጥፋት ታትሞባቸው ተገኙ።

የባሰው ግን በኋላ መጣ። ወይዘሮዋ የመጀመሪያውን ተርታ ሳይተኩሱ፣ ሁለተኛውን ተኩሰው ሰፉት። አንድ እጥፋት ከካሬው ወርድ 3 ሚሊ ሜትር ቢበላ በ5 ካሬ 15 ሚሊ ሜትር ይሆናልና፣ ሁለቱ ተርታዎች ጫፍ ለጫፍ ሊገናኙ አልቻሉም። የሁለት ሌሊት ስፌት ተተርትሮ ወጣ። ይህን ሲያጫውቱን ይስቁ ነበር፤ እኛ ግን ለመሳቅ አልደፈርንም።

ጥጥ እንዲህ የሚሆንበት ምክንያት አለው። የጥጥ ክር በውስጡ ሴሉሎስ ከሚባል ነገር የተሠራ ነው። እርጥበትና ሙቀት ሲገባበት እርስ በርሱ የተያያዘበት ማሰሪያ ይላላል፤ ሲደርቅ ደግሞ በተገኘበት ቅርጽ እንደገና ይያያዛል። ካውያ ጨርቅን የሚያቃናው በዚሁ ጠባይ ነው። ነገር ግን እርጥብ ጨርቅ ታጥፎ፣ ሸክም ተጭኖበት፣ በሙቅ ስፍራ ቢደርቅ ያው ጠባይ እጥፋቱን በካውያ የተመታ ያህል ያጸናዋል። ስለዚህ የወይዘሮዋ ካሬዎች አውቶቡሱ ጣራ ላይ ሆነው ዳግመኛ ተተኩሰዋል ለማለት ይቻላል፤ የተተኮሱት ግን ተጣጥፈው ነው።

እንግዲህ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ድርቀት ነው። ካሬው ከተተኮሰ በኋላ ወዲያውኑ አይደራረብም፤ ቢቻል በተዘረጋበት ይደር። ሲተኮስም ካውያው እየተነሣ ይቀመጥ እንጂ አይገፋ፤ በተለይ ጨርቁ በአግድሞሽ የተቆረጠ እንደ ሆነ መግፋቱ ጠርዙን ይለጥጠዋል። ጥልፉ በፎጣ ላይ ተደፍቶ በጀርባው በኩል ቢተኮስ አበባው አይደፈጠጥም። በከሰል ካውያ የሚጠቀሙ ደግሞ አመዱን አስቀድመው ያራግፉ። ስታርች ለጉዞ አንመክርም። የደረቀ ስታርች ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ለብዙ ጊዜ ሲቀመጥም ነፍሳትን ይጠራል። መርፌና ስፒል አንድም ሳይቀር ይነቀል፤ በእርጥበት ዝጎ የሚተወው ቡናማ ነጥብ ከቅቤም ይልቅ አስቸጋሪ ነው። ጥልፍ ወጥሮ የሚይዘውም ክብ እንጨት እንደዚሁ ይውለቅ፤ የሚያትመው ቀለበት በቀላሉ አይለቅም።

ከዚያ በኋላ ካሬዎቹ ሳይታጠፉ የሚጓዙበትን መንገድ መፈለግ ነው። ከካሬው በየጎኑ 2 ሳንቲ ሜትር የሚተርፍ ሁለት ጠንካራ ካርቶን ይቆረጥና በታጠበ ነጭ ጨርቅ ይሸፈናል። ካርቶን በራቁቱ ከዋለ ጨርቅን እያደር ቢጫ ያደርጋልና ሽፋኑ አይቅር። በየካሬው መካከል ያረጀ ጋቢ ቁራጭ ቢገባ፣ የጋቢው ለስላሳ ጸጉር ካሬውን ይዞ ከመንሸራተት ያግደዋል። ጋዜጣ ግን ቀለሙን ያስተላልፋል፤ ይህን ጽሑፍ የያዘውም ቅጠል ቢሆን አይታመንም። ካርቶኖቹ በሰፊ ጨርቅ ሳይጠብቁ ይታሠሩ። ከላይ በላስቲክ ፈንታ ነጠላ ወይም አንሶላ ይጠቅለልባቸው። በክረምት ላስቲክ ግድ ከሆነ ለመንገዱ ብቻ ይሁን፤ እንደ ደረሱም ይውለቅ።

ተርታው አስቀድሞ ከተሰፋና በካርቶን መካከል አልገባ ካለ መጠቅለል ይሻላል። በዚህ ነገር ባሎች ሊረዱ ይችላሉ። ካርታ ይዞ የዘመተ ወታደር ሁሉ፣ ካርታ የሚቀደደው ከታጠፈበት መሥመር ላይ መሆኑንና የተጠቀለለው እንደሚሰነብት ያውቃል። ጨርቅ ነጋዴዎች ጣቃው ካለቀ በኋላ የሚጥሉት የካርቶን ቱቦ ለዚህ የተመቸ ነው። ቱቦው በወፈረ መጠን ጨርቁ አይጨማደድም። ጥልፉ ወደ ውጭ ሆኖ ይጠቅለል፤ ወደ ውስጥ ከሆነ መጨማደዱ በፊቱ ላይ ይወድቃልና።

ይህ ካሬ በካሬ የመሥራት ዘዴ በሌላ አገር ከወታደር ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865፣ የሰሜኑ ክፍል ሴቶች ለቁስለኞች ብርድ ልብስ እየሰፉ የጤና አጠባበቅ ኮሚሽን በተባለው ድርጅት በኩል ይልኩ ነበር። ከነዚህም አንዳንዶቹ እያንዳንዷ ሴት የራሷን ካሬ ሞልታና ጠርዙን ዘግታ ከጨረሰች በኋላ በመጨረሻ የተገጣጠሙ ናቸው። እስከ ዛሬ የተረፉት እጅግ ጥቂት ናቸው፤ የቀሩት በወታደሩ ላይ አልቀዋል፤ የተሠሩትም ለዚሁ ነበር።

በጉዞው ጊዜ ካሬዎቹ ጣራ ላይ አይውጡ። በሻንጣ ከሆነ መጨረሻ ይግቡ፣ መጀመሪያ ይውጡ፤ በእጅ ከሆነ በጭን ላይ ተጋድመው ይጓዙ። ቀጥ ብለው ከቆሙ በመንገዱ መንገጫገጭ ወደ ታች ይጨማደዳሉ።

ቅቤ ወይም ዘይት የነካው ካሬ ካለ ካውያ ፈጽሞ አይጠጋው፤ ሙቀት እድፉን ያጸናዋል። የገላ ፓውደር ነስንሶ ቅባቱን እስኪመጥ ጥቂት ሰዓት መተው፣ አራግፎም በሳሙና ማጠብ ነው። የሻገተውን ከቤት ውጭ አድርቆ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ፣ ከዚያም ማጠብ ይገባል። ወይዘሮዋ ግን ቅቤ የነካቸውን ሦስቱንም አስቀድመው ተኩሰዋቸው ስለ ነበር ቢያጥቡ፣ ቢያጥቡ አልለቀቀም።

ባለፈው ሰሞን ቤታቸው ገብተን የአልጋ ልብሱን ተዘርግቶ አየነው። የሻገቱት ሁለቱ ነጽተዋል። ባለ ቅቤዎቹን ሦስቱን ትራስ በሚያርፍበት በራስጌው ተርታ አስገብተዋቸዋል፤ ካልነገሩት በቀር የሚያያቸው የለም። ሠርጉ ለመጪው ጥር ተቀጥሯል። ልጂቱ የምትዳረው ባሕር ዳር ስለ ሆነ የአልጋ ልብሱ ገና አንድ ረጅም ጉዞ ይቀረዋል። ሃምሳ አለቃው ከቀፊራ ገበያ አንድ ወፍራም ቱቦ ለምነው አምጥተው በሩ ሥር አቁመውታል። ቅቤው በሌላ መኪና ይሄዳል ብለውናል።