ፓራኦሊዮው ምን አጠፋ?

በደብረ ታቦር መስመር የምትሠራ አንዲት አሮጌ ዶልፊን ሚኒባስ አሁንም ታበሳጨኛለች። የኮሎዋ የኋላ ፓራኦሊዮ፣ ማለትም የዘይት ማገጃው ጎማ፣ ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ ካምቢዮዋ ሁለት ጊዜ ወርዷል። ዘይቱ ፍሪሲዮኑ ድረስ ዘልቆ ዳገት ላይ ያንሸራትታታል። ሹፌሩ ሦስተኛውን ፓራኦሊዮ በኪሱ ይዞ ወረታ እኔ ጋራዥ ድረስ መጣ። «ጋሼ፣ የበፊቶቹ ፎርጅድ ነበሩ። ይሄ ኦሪጅናል ነው፤ ግጠምልኝ» አለኝ። መጀመሪያ መተንፈሻዋን ልይ ብለው፣ ተሳፋሪ ይጠብቀኛል ብሎ ይዟት ሄደ።

ገበያው ውስጥ ፎርጅድ ዕቃ የለም አልልም፤ ሞልቷል። ግን ዘይት በታየ ቁጥር ፓራኦሊዮውን መወንጀል ሰልችቶኛል። ፓራኦሊዮ ዘይት እንዲይዝ እንጂ ግፊት እንዲችል አልተሠራም። በፒስተኑ ጎን ያመለጠው ጋዝ ወደ ኮፓ ይወርዳል፤ መውጫው ደግሞ የመተንፈሻው ቱቦ ነው። የዶልፊኗ 5ኤል ሞተር ላይ ቱቦው ከቴስታታው ክዳን ተነስቶ ወደ አየር ማስገቢያው ይሄዳል። በጥቀርሻና በዝቃጭ ከተደፈነ ጋዙ ዘይቱን እየገፋ ደካማ ባገኘበት ይወጣል። ያኔ ኦሪጅናሉም ከፎርጅዱ ብዙ ቀን አያድርም።

ጋዙስ ለምን በዛ? እኛ ፎገራ ላይ መልሱ ሩቅ አይደለም። ሩዙ ታጭዶ መፈተግ ሲጀምር ከወፍጮ ቤቶቹ የሚነሳው ብናኝ መንገዱን ያለብሰዋል። የሩዝ ገለፈት ሲሊካ የበዛበት ነው፤ ሲሊካ ማለት አሸዋው ራሱ ነው። ሹፌሩ የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ ጎማ ላይ ይደበድብና ይመልሰዋል። ወረቀቱ ይሰነጠቃል፣ ብናኙ ሾልኮ ይገባል፣ የፒስተኑን ፋሻና ሲሊንደሩን ይሞርዳል። ከታች የሚንጠባጠበው ዘይት በሽታው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከላይ፣ ከፊልትሮው ሣጥን ነው።

ለማወቅ ካምቢዮ ማውረድ አያስፈልግም። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትቶ፣ ገልብጦ እዚያው ማስቀመጥ ነው። ትንሽ ቢርገበገብ የናፍጣ ሞተር ጠባይ ነው። ወርውሮ ከጣለው ፋሻው ደክሟል፤ የፈለጋችሁትን ፓራኦሊዮ ብትገጥሙ አይይዝም። ክዳኑ ረጋ ብሎ ሳለ ዘይቱ የሚገፋ ከሆነ ደግሞ ቱቦውን አውልቁና እጠቡ።

ሁለተኛው ችግር ችኮላ ነው። ግቢ ውስጥ በሚኒሞ አይቶ «ደርቋል» የሚል መካኒክ አለ። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ደብረ ታቦር 2,700 ገደማ። ጋዙ የሚበረታው መኪናዋ በመካከላቸው ባለው በአለም ሳጋ በኩል ሰው ጭና ስትወጣ ነው እንጂ ቆማ አይደለም። ሞተሩን አጥቡ፣ አድርቁ፣ ዳገቱን አስወጧት፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች እዩ። ከቴስታታው ክዳን ጓርኒሲዮን የኋላ ጥግ የሚወርድ ዘይት ካምቢዮው ሥር ሲንጠባጠብ ቁርጥ የኋላ ፓራኦሊዮን ይመስላል። በዚህ ስህተት ብቻ ስንት ካምቢዮ በከንቱ ወርዷል።

«50 ቁጥር ዘይት ጨምርበት» የሚለኝም አለ። ዘይት ቢወፍር ጋዙ አይቀንስም፤ ጠዋት ሲነሳ ግን ቀዝቃዛው ሞተር ዘይት እስኪያገኝ ደረቁን ይፋጫል። ሲሊኮን የሚለጥፈውስ? ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርጦ ኮፓ ውስጥ ይወድቅና የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ይደፍናል። ያኔ ጣጣው ከመንጠባጠብ አልፎ ኮሎ መቀየር ይሆናል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ከጣለ ወዲህ አሮጌ መኪና መለወጥ ለብዙው ሰው የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ፋሻው የደከመውን ሁሉ ሞተር ይውረድ አልልም። ጠብታው ፍሪሲዮን ወይም ቀበቶ እስካልነካ ድረስ በየማለዳው መለኪያውን እያዩ ዘይት መጨመር ከሞተር ሥራ በብዙ ይረክሳል። ይህን ስመክር ግን ባለመኪናው ቅር ይለዋል። ቱቦ አጥቤ ሂሳብ ስጠይቅ «ምን ቀየርክና?» ይለኛል፤ የተቀየረ ዕቃ ካሳየሁት ሳይከራከር ይከፍላል። ጋራዦችም ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ለምርመራ የሚከፍል ደንበኛ እስኪገኝ ድረስ ካምቢዮ መውረዱን አያቆምም።