የአንቀልባው ዛጎል

ቦሩ ሜዳ ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ፣ ከባሕር የራቀ ደጋ ነው።  እንዲህ ባለው የሰሜን ደጋችን ግን የድሮ አንቀልባ ያስቀመጠ ቤት ካለ፣ ቆዳው ላይ በረድፍ የተሰፉት ነጫጭ ዛጎሎች ከሞቃት ባሕር ወጥተው የመጡ ናቸው። እያንዳንዱም የአንድ ቀንድ አውጣ ቤት ነበር።

ለጌጥ በብዛት የዋሉት ሁለት ዝርያዎች ናቸው፤ ሞኔታሪያ ሞኔታ እና ሞኔታሪያ አኑለስ። በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ፣ ጥልቀት በሌለው የድንጋይና የኮራል ዳርቻ ይኖራሉ፤ ምግባቸው አልጌ ነው። እንስሳው በሕይወት ሳለ ስስ ሥጋው ከግራና ከቀኝ ወጥቶ ቅርፊቱን እንደ ነጠላ ይከናነበዋል፤ እላዩም ላይ አዲስ ሽፋን ያክልበታል። ዛጎል ማንም ሳይወለውለው የሚያብረቀርቀው በዚህ የተነሳ ነው። ገና ጨቅላ ሳለ ቅርፊቱ ስስ፣ አፉም ሰፊ ነው። ለአቅመ መራባት ሲደርስ ከንፈሩ ወደ ውስጥ ይጠቀለልና ይወፍራል፣ ጥርስ መሰል ቅንጣቶች ያወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ርዝመት አይጨምርም።

አንቀልባው ላይ የምናየው ይህን ጥርሳም አፍ ነው። ፊቱ ይመስለናል እንጂ ሆዱ ነው። ጉብ ያለው ጀርባው ተቆርጦ ይወጣል፤ ያኔ ዛጎሉ ቆዳው ላይ ልጥፍ ይላል፣ ክርም ያስገባል። እኔን የሚቆጨኝ የአኑለስ ነገር ነው። ጀርባው ላይ የሚዞረው ወርቃማ ቀለበት፣ የዚህ ዝርያ ትልቁ ውበት፣ በዚያው ቆረጣ ይጠፋል።

ተጓዡ ኢብን ባቱታ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በማልዲቭስ ደሴቶች ቃዲ ሆኖ ሲኖር፣ ሰዎቹ ዛጎሉን ከባሕር ለቅመው ጉድጓድ ውስጥ እንደሚከቱትና ሥጋው በስብሶ ነጩ ቅርፊት እንደሚቀር ጽፏል። ገንዘባቸው እሱ ነበር። ምዕራብ አፍሪካም ለብዙ መቶ ዓመታት በዛጎል ገበያ ወጥቷል። በእኛ ደጋ ግን የመገበያያውን ቦታ አሞሌ ጨውና የማርያ ትሬዛ ብር ስለያዙት፣ ዛጎል በይበልጥ ጌጥ ሆነ፤ የታዘለውን ሕፃን ከቡዳ ዓይን ይጠብቃል ተብሎም ታመነበት። ጠንቋይም ጥሎ ዕጣ ያነብበታል።

እናቱ ያወረሰችው አንቀልባ በእጁ ያለ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፤ ቅርፊቱ እንደ ኖራ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ከነካው ይበላዋል፣ ያ ሁሉ ማብረቅረቅም ይደበዝዛል። በውኃ የራሰ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል።