ከክብደቱ በፊት አቀማመጥ፤ የቤንች ፕሬስ ትክክለኛ አሠራርና ጥንቃቄው

ለውጭ ገበያ የሚቀርበው የአገራችን ቡና በ60 ኪሎ ግራም ጆንያ እንደሚታሸግ፣ በጌዴኦ ዞን ሬኮን በመሳሰሉ ቡና አብቃይ አካባቢዎች ለሚኖር ሰው መንገር አያሻም። 20 ኪሎ ግራም በሚመዝን ብረት ግራና ቀኝ ሃያ ሃያ ኪሎ ሲጫንበትም ድምሩ ያው 60 ነው። ልዩነቱ፣ ጆንያው ከተሸካሚው ትከሻ ቢያመልጥ መሬት ላይ ሲወድቅ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ከተንጋለለ ሰው እጅ ያመለጠ ብረት ግን ደረቱ ወይም አንገቱ ላይ የሚያርፍ መሆኑ ነው።

ቤንች ፕሬስ በሚል ስያሜ የሚታወቀው ይህ ስፖርት በጀርባ ተንጋሎ ብረትን ከደረት ወደ ላይ የመግፋት እንቅስቃሴ ሲሆን፣ በዋነኛነት የደረትን፣ የፊት ትከሻንና የላይኛውን ክንድ የኋላ ጡንቻዎች ያጠነክራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ዋና ዋና ጡንቻዎችን የሚያሠራ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ምክሩ ቀኑን በጠረጴዛና በኮምፒዩተር ፊት የሚያሳልፈውን የመንግሥት ሠራተኛ በይበልጥ ይመለከታል። በጌዴኦ ተዳፋት መንገድ ከቀበሌ ቀበሌ የሚዘዋወር የግብርና ባለሙያ እግሩ አይቦዝንም፤ የሚጎድለው የላይኛው የሰውነት ክፍል ሥራ ነው። ጂምናዚየም በአቅራቢያው ለሌለውም ፑሽ አፕ እነዚህኑ ጡንቻዎች ያሠራል።

ስለ ቤንች ፕሬስ በሚነሳ ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ስንት ኪሎ እንደተነሳ ነው። ይሁንና ውጤቱም ሆነ ጉዳቱ በአመዛኙ የሚወሰነው ብረቱ ከመስቀያው ከመነሳቱ በፊት ባሉት ጥቂት ሰኮንዶች ነው። በቅድሚያ ሠሪው ዓይኑ ከብረቱ ትክክል በታች እንዲሆን አድርጎ ይተኛል። ወደ ራስጌ ከተጠጋ ብረቱ ሲገፋ ከመስቀያው ጋር ይላተማል፤ ወደ ግርጌ ከራቀ ደግሞ ብረቱን ለማውጣት ሲንጠራራ ትከሻው ከቦታው ይለቃል። ቀጥሎ ሁለቱን የትከሻ ጠፍጣፋ አጥንቶች ወደ ኋላ አቀራርቦና ወደ ታች ስቦ ወንበሩ ላይ ያደላድላቸዋል። ከሁሉም የሚበልጠው ይህ እርምጃ ነው። ደረቱ ከፍ ይላል፣ ብረቱ የሚጓዘው ርቀት ያጥራል፣ ትከሻውም ወደ ፊት እንዳይወጣ ይጠበቃል። ቀኑን ጎብጦ ሲጽፍ የዋለ ሰው ይህን አቋም መጀመሪያ ላይ ለማግኘት ይቸገር ይሆናል፤ በባዶ ብረት ደጋግሞ መለማመድ ይረዳዋል። እግሮቹ መሬቱን አጥብቀው ይረግጣሉ፤ መቀመጫውም ከወንበሩ አይነሳም።

አያያዙን በተመለከተ፣ ብረቱ ደረት ላይ ሲደርስ ከክርን እስከ አንጓ ያለው ክንድ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የሚያደርግ ስፋት ተመራጭ ነው። አውራ ጣት ብረቱን ዞሮ መያዝ አለበት። አንዳንዶች አውራ ጣታቸውን ከሌሎቹ ጣቶች ጎን አድርገው ይይዛሉ፤ ብረቱ ከመዳፍ ሊንሸራተት ስለሚችል በዚህ ጸሐፊ እምነት ለማንም የሚመከር አይደለም። ክርኖች እንደ መስቀል ወደ ጎን ሳይዘረጉ ወደ ጎድን ጥቂት ተሰብስበው፣ ብረቱ በዝግታ ወርዶ የደረትን የታችኛ ክፍል ይነካል፤ ሲወጣም በጥቂቱ ወደ ትከሻ አቅጣጫ ያዘነብላል። ደረት ላይ አንጥሮ መመለስ ኪሎውን ያበዛ ይመስላል እንጂ ጡንቻን አያሠራም። ትንፋሽ ብረቱ ከመውረዱ በፊት ይሳባል፤ አስቸጋሪው ክፍል ሲታለፍ ይወጣል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ትንፋሹን አምቆ ከባድ ነገር ከመግፋቱ አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር ይኖርበታል።

የዓለም አቀፉ የፓወርሊፍቲንግ ፌዴሬሽን ደንብ የወንበሩ ከፍታ ከ42 እስከ 45፣ ስፋቱ ከ29 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ይደነግጋል። በዲላም ሆነ በሌላ ከተማ በብየዳ ቤት ለሚያሠራ መሥሪያ ቤት እነዚህ ቁጥሮች ይጠቅማሉ፤ ወንበሩ ከፍ ካለ የአጭር ሰው እግር መሬቱን በሚገባ አይረግጥም፣ ስፋቱ ከበዛም የትከሻን እንቅስቃሴ ያግዳል። በየሠፈሩ ወጣቶች ጣሳ በሲሚንቶ ሞልተው የሚሠሩት ክብደት ብልሃታቸውን የሚያሳይ ቢሆንም፣ ሁለቱ ጣሳዎች እኩል ካልመዘኑ ብረቱ ወደ አንድ ጎን ስለሚያጋድል አስቀድሞ በሚዛን ማረጋገጥ ይገባል።

ከባድ ክብደት የሚገፋ ሰው ከራስጌው የሚጠብቀው ረዳት ሊኖረው ግድ ነው። ረዳቱ ስንት ጊዜ እንደሚገፋ አስቀድሞ ይነገረዋል፤ ዓይኑም ከብረቱ አይነሳም። ብቻውን የሚሠራ ሰው ከደረት ከፍታ ጥቂት ዝቅ ብለው ብረቱን የሚቀበሉ የጎን መደገፊያዎች ያሉትን ወንበር ይጠቀም። እነዚህ ከሌሉ ቀለል ያለ ክብደት መርጦ፣ አቅሙ ሳያልቅ ማቆም አለበት፤ የክብደቶቹን መቆለፊያም ባያጠብቅ ይመረጣል። ብረቱ ቢያቅተው ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ክብደቶቹን ማራገፍ ይችላልና።

ቤንች ፕሬስ ለአካል ጉዳተኞች የተለየ ትርጉም አለው። ክብደት ማንሳት እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ወደ ፓራሊምፒክ ሲገባ ተወዳዳሪዎቹ የአከርካሪ ጉዳት ያለባቸው ወንዶች ነበሩ፤ ሴቶች በ2000 በሲድኒ ተካተዋል። ዛሬም የፓራ ፓወርሊፍቲንግ ውድድር የሚካሄደው በዚሁ ቤንች ፕሬስ ብቻ ሲሆን፣ ኢራናዊው ሲያማንድ ራህማን በ2016 በሪዮ 310 ኪሎ ግራም አንስቷል። ጀግናው አትሌት አበበ ቢቂላ በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል በቀስት ውርወራ መወዳደሩ ይታወሳል፤ ይህም በላይኛው አካል ኃይል የሚሠራ ስፖርት ነው።

በመሆኑም ለሠራተኞቻቸው የስፖርት ክፍል የሚያደራጁ መሥሪያ ቤቶች በግዥ ዝርዝራቸው ከተጨማሪ ክብደቶች በፊት የጎን መደገፊያ ያለውን ወንበር ማስቀደም ይኖርባቸዋል። ለፓራ ስፖርት የሚሠራው ወንበር እግሮች ጭምር የሚያርፉበት በመሆኑ ከተለመደው ይረዝማል፤ ይሰፋልም። አንዱን እንዲህ ያለውን መግዛት አካል ጉዳተኛውም ሌላውም ሠራተኛ በየተራ እንዲጠቀምበት ያስችላል።