ክሌፖን፦ ስኳሩን በሆዱ የያዘ ጣፋጭ

በኢንዶኔዥያ፣ በተለይ በጃቫ ደሴት ገበያዎች፣ ክሌፖን የሚባል ትንሽ ጣፋጭ ይሸጣል። ከተለጣፊ ሩዝ ዱቄት ተድቦልቡሎ የሚሠራ፣ በቅጠል ጭማቂ አረንጓዴ የሆነ፣ ላዩ በተፈቀፈቀ ነጭ ኮኮናት የተሸፈነ፣ አንድ ጉርሻ እንኳ የማይሞላ ነገር ነው። ለምን ተወደደ ሲባል ብዙዎች «ስለሚጣፍጥ ነዋ!» ብለው ያልፋሉ። መልሱ ግን አይበቃም፤ ስኳር የበዛበት ነገር ሁሉ እንዲህ አይወደድም። ክሌፖንን ክሌፖን ያደረገው ስኳሩ የተቀመጠበት ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሠራሩን ልብ ብሎ ያየ ይህን ይረዳል። ሠሪዋ ከሊጡ ቆንጥራ በመዳፏ ጠፍጠፍ ታደርገዋለች፤ መሃሉ ላይ የተከተፈ የዘንባባ ስኳር አኑራ ጠርዙን ትሰበስብና ታድቦለቡለዋለች። ቅንጣት ስንጥቅ ከቀረ ስኳሩ ፈስሶ ድካሟ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ይሰጥማል፤ ሲበስል ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ትኩሱን አውጥታ ጨው ነካ የተደረገበት ኮኮናት ላይ ታንከባልለዋለች። የሚጎርሰው ሰው ምላስ በቅድሚያ የሚያገኘው ይህን ጨው ነው፤ ከዚያ ጥርስ ላይ የሚለጠጠውን ሊጥ። የዚህ ሩዝ ስታርች ከሞላ ጎደል አሚሎፔክቲን የሚባለው ዓይነት ብቻ ስለሆነ እንዲህ ይለጠጣል። የፓንዳን ቅጠል ከገባበት ደግሞ ባስማቲ ሩዝ ሲበስል የሚሸተውን የመሰለ መዓዛ አለው፤ የሁለቱም ሽታ ምንጭ አንድ ውህድ ነውና። ቀልጦ የቆየው ስኳር ፈንድቶ አፍ የሚሞላው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቆርሶ መብላት የማይመከረውም ለዚህ ነው፤ ከንፈር ካልተገጠመ ልብስ ላይ ይፈናጠቃል።

ፍቅሩ የልጅነት ትዝታ ብቻ ነው የሚል ሰው ይኖራል። ትዝታ ድርሻ አለው። ሆኖም ይህ ጣፋጭ ከቦታ ቦታ ብዙ ነገሩን ይለውጣል፤ ማሌዥያ ውስጥ ስሙ ኦንዴ ኦንዴ ነው፣ አንዳንዱ ሠሪ ሊጡን ከስኳር ድንች ያዘጋጀዋል። ስሙም ሊጡም ሲለዋወጥ ውስጡ የተደበቀው ስኳርና ላዩ ላይ ያለው ኮኮናት ግን አይቀሩም። ሰዎች ይህን አጥብቀው የያዙት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ዛሬ በክሌፖን ጣዕም የሚሠሩ ኬኮችና የቡና መጠጦችም አሉ፤ ሽታውን በሚገባ ይይዛሉ። ነገር ግን ስኳሩ ከሁሉም ጋር ስለተቀላቀለ ከመጀመሪያው ጉርሻ እስከ መጨረሻው ጣዕማቸው ያው ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ክሌፖን አይቆይም። ኮኮናቱን በእንፋሎት ማብሰል ቢረዳም በአገሩ ሙቀት ውሎ ሲያድር ይኮመጥጣል፤ ማቀዝቀዣ ከገባ ደግሞ ሊጡ ይደርቃል። ለነጋዴ ይህ እውነተኛ ጉዳት ነው። ቢሆንም ይህን ጉድለት ለማስተካከል ስኳሩን ከሊጡ መቀላቀል ወይም ኮኮናቱን ማድረቅ የሚበላበትን ምክንያት ማጥፋት ነው። በምሥራቅ ጃቫ በክሌፖኗ የታወቀችው ጌምፖል መንገደኛው ትኩስ የሚገዛባት ወረዳ ናት፤ እንዲህ ዕለቱን ሠርተው ዕለቱን ለሚሸጡ ሰዎች ከፍ ያለ ዋጋ መክፈል ተገቢ ይመስለኛል።