እምም የሚሉ መሐንዲሶች

ቲራት ካርሜል ከሐይፋ በስተደቡብ፣ በቀርሜሎስ ተራራ ምዕራባዊ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። በተራራው ሌላኛው ጎን ቴክኒዮን ዩኒቨርሲቲ አለ። እዚያ ያስተምሩ የነበሩት ያዕቆብ ዚቭና አብርሃም ለምፔል በ1977 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጽሑፍን ጨምቆ የማስቀመጫ ስልት አሳተሙ። ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው፤ ቀደም ብሎ ያለፈ ቃል ተመልሶ ሲመጣ እንደገና በመጻፍ ፈንታ «ይህን ያህል ፊደል ወደኋላ ሂድና ይህን ያህል ቅዳ» የሚል አጭር ምልክት ይቀመጥለታል። ሁለቱም ሊቃውንት በ2023 ዐረፉ፤ ስልታቸውና ከእሱ የተወለዱት ግን ዛሬም በየስልኩ የሚከፈተውን ድረ ገጽ እየጨመቁ ያደርሳሉ።

ሐይፋ ላይ የታሰበ ነገር ለአዲስ አበባ ስልክም ለካሊፎርኒያ ኮምፒውተርም እኩል እንዲገባ ከተፈለገ ዝርዝሩን ነጥብ በነጥብ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። በዚሁ ስልት ላይ የተመሠረተው «ዲፍሌት» በ1996 አርኤፍሲ 1951 በሚል ቁጥር ወጣ። አርኤፍሲ ከ1969 ጀምሮ የሚወጣ ተከታታይ ሰነድ ሲሆን ኢንተርኔት የሚሠራባቸው ደንቦች በእሱ ይታተማሉ። የአብዛኞቹ ደንቦች መፍለቂያ ደግሞ የኢንተርኔት ምህንድስና ግብረ ኃይል፣ ባጭሩ አይኢቲኤፍ፣ የተባለው አካል ነው።

«ግብረ ኃይል» መባሉ ያስፈራል እንጂ ጦርም ሥልጣንም የለውም። በጥር 1986 ሳንዲየጎ ላይ ሲጀመር የተገኙት 21 ሰዎች ብቻ ነበሩ። አሁን በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ከአገር አገር እየዞረ፣ ከሺህ በላይ ሰው ይሰበስባል። የአባልነት መዝገብ የለውም፤ መንግሥትም ሆነ ኩባንያ የተያዘለት ወንበር የለም። የመጣ ሁሉ የሚናገረው በራሱ ስም ነው። እርግጥ የመግቢያው ክፍያ በመቶዎች ዶላር ይቆጠራል፣ ሆቴሉና አውሮፕላኑም አለ፤ ስለዚህ በሩ ለሁሉ ክፍት ነው ሲባል ደጃፉ ድረስ የሚያመጣውን ወጪ ሳይጨምር ነው።

ሥራው የሚጀምረው ቅዳሜና እሑድ በሚደረገው ሐካቶን ነው። ከ2015ቱ የዳላስ ስብሰባ ወዲህ የተለመደ ሲሆን ገና ያልጸደቁ ረቂቆች በፕሮግራም ተጽፈው ይፈተኑበታል። አንዱን ረቂቅ ሁለት ቡድኖች ለየብቻ አንብበው ለየብቻ ይጽፉና ፕሮግራሞቹን ያገናኟቸዋል። ካልተግባቡ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የረቂቁ ነው፤ አንዱ ዓረፍተ ነገር ለሁለት ትርጉም የተጋለጠ ሆኖ ይገኛል። በ1992 ዴቪድ ክላርክ የተባለው ሊቅ የዚህን ማኅበረሰብ እምነት ሲያስረዳ ንጉሥን፣ ፕሬዚዳንትንና ድምፅ መስጠትን እንደማይቀበሉ፣ የሚያምኑት በጥቅሉ በተደረሰ ስምምነትና በሚሠራ ፕሮግራም እንደሆነ ተናግሯል።

ከሰኞ እስከ ዓርብ የሥራ ቡድኖች ይሰበሰባሉ። አቅራቢው ተሰብሳቢው ሁሉ ረቂቁን አንብቦ እንደመጣ ስለሚቆጥር መግቢያ ብሎ ነገር የለም፤ ሳያነብ የገባ ሰው ሰዓቱን ስላይድ ሲያይ ያሳልፋል። ሐሳብ ያለው ማይክሮፎኑ ጋ ይሰለፋል፣ ተራው ሲደርስ ስሙን ተናግሮ ይቀጥላል። ፕሮፌሰሩም ተማሪውም ያው አንድ ሰልፍ ናቸው። በቆየው ልማድ ክርክሩ ሲበስል የቡድኑ መሪ «ይህን የምትደግፉ እምም በሉ» ይል ነበር፤ ቀጥሎ ተቃዋሚዎች እምም ይሉ ነበር። እጅ አይቆጠርም ነበር። ማን እምም እንዳለ ለይቶ ማወቅ ስለሚያስቸግር ሠራተኛው አለቃው አዳራሹ ውስጥ ቢኖርም ያመነበትን ለማሰማት ብዙ አይፈራም ነበር።

ለውጭ ሰው ጨዋታ ይመስለዋል። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሲሸመግሉ ላየ አበሻ ግን ብዙም አይገርመውም፤ ለዚህ ስንት ለዚያ ስንት ብሎ የሚቆጥር ሽማግሌ የለም፣ ቅር ያለው ቅሬታው ምን እንደሆነ ይጠየቃል እንጂ። በ2014 የወጣው አርኤፍሲ 7282 የሚያስረዳውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እምምታው ክርክሩን አይዘጋም፤ የቀረው ተቃውሞ የቱ ጋ እንዳለ ያሳያል። አምስት ሰዎች ደግፈው መቶ ቢቃወሙም፣ የመቶዎቹ ተቃውሞ በቂ መልስ አግኝቶ ከሆነ ስምምነት አለ ሊባል ይችላል ይላል ሰነዱ። በተቃራኒው መልስ ያላገኘ የአንድ ሰው ቴክኒካዊ ጥያቄ መቶውን ያስቆማል። እኔ ከነጉድለቱ የምወደው ይህን ነው፤ ጉድለቱም መልስ በቂ ነው አይደለም የሚለውን የሚፈርደው የቡድኑ መሪ መሆኑ ነው። በ2020 ወረርሽኙ የቫንኩቨሩን ስብሰባ ወደ ኢንተርኔት ሲያዛውረው እምም የሚባልበት አዳራሽ ጠፋ። ለዚያ ተብሎ መሣሪያ ተሠራ፣ ኋላም እጅ በማውጣት ምልክት ተተካ።

የአይኢቲኤፍ ስብሰባ ኢትዮጵያ ካስተናገደችው ጉባኤ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይጎላል። ከኅዳር 28 እስከ ታኅሣሥ 2 ቀን 2022 አዲስ አበባ፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ፣ 17ኛው የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ ተካሂዷል። ጉባኤው በ2005ቱ የቱኒስ ስምምነት የተወለደ ሲሆን መንግሥታት፣ ኩባንያዎችና ሲቪል ማኅበራት ይወያዩበታል እንጂ አስገዳጅ ውሳኔ አያወጣም። የዚያን ጊዜ ጉባኤተኛው ስለ ኢንተርኔት ተደራሽነት ሲነጋገር ትግራይ ከሁለት ዓመት በላይ ኢንተርኔት ተቋርጦባት ነበር፤ የትግራይን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ጉባኤው ሲከፈት ከተፈረመ ገና አንድ ወር አልሞላውም ነበር። ጉባኤው መስመሩን የማስከፈት ሥልጣን አልነበረውም። ቢሆንም ጥያቄው በአስተናጋጁ አገር መዲና፣ በዓለም ፊት መነሣቱን እንደ ከንቱ አልቆጥረውም። የመሐንዲሶቹ ስብሰባ በበኩሉ የመረጃው እሽግ እንዴት እንደሚጓዝ ይወስናል፤ መንግሥት ማብሪያ ማጥፊያውን ሲነካ ግን እሱም አቅም የለውም።

ሦስተኛው ወንድም የዶሜይን ስሞችን የሚያስተዳድረው አይካን ነው፤ ለአማርኛ አንባቢም ይበልጥ የሚቀርበው እሱ ሳይሆን አይቀርም። የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ያሉበት ቡድን ከነጥቡ ቀጥሎ በሚመጣው የአድራሻ ክፍል የግዕዝ ፊደል በምን ሥርዓት እንደሚገባ አጥንቶ አቅርቧል፤ ሥርዓቱም በ2017 በአይካን ደንብ ውስጥ ተካቷል። ከከበዱት ጥያቄዎች አንዱ ድምፃቸው አንድ የሆኑት ፊደላት ነበሩ። አንዱ ፀሐይ ብሎ ስም ሲያስመዘግብ ሌላው ጸሀይ ብሎ ቢመጣ ደንበኛው የቱ ጋ እንደሚገባ ግራ ይገባዋል። እዚያ ቡድን ውስጥ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ባይቀመጥ ኖሮ ይህ ችግር መኖሩን ማን ይነግራቸው ነበር?

ወደ አይኢቲኤፍ ስንመለስ፣ ሰፊው ቅሬታዬ በቦታ አመራረጡ ላይ ነው። በ2020 የታተመው ደንቡ ሦስቱ የዓመቱ ስብሰባዎች ለሰሜን አሜሪካ፣ ለአውሮፓና ለእስያ አንዳንድ እንዲደርሱ ያዛል፤ ሌላው ዓለም በልዩ ሁኔታ ካልሆነ አይታሰብም። በ2016 ቦነስ አይረስ ቀንቷታል፤ አፍሪካ ግን ተራ አልደረሳትም። ቤተሰቡ ከኢትዮጵያ የሄደ፣ የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ የቲራት ካርሜል ልጅ ስብሰባው ፕራግ ወይም ቪየና ከሆነ ያለ ቪዛ ተሳፍሮ ይሄዳል። አዲስ አበባ የቀረው የአጎቱ ልጅ፣ ሙያቸው አንድ ቢሆንም፣ መጀመሪያ ኤምባሲ ደጅ ይጠናል።

ለዚህ ሰው ሁለት ነገር ተትቶለታል። አንደኛ፣ አዳራሹ ውስጥ የተደረሰው ስምምነት በኋላ በኢሜይል ካልተረጋገጠ አይጸናም፤ ስለዚህ ያልተገኘም መቃወም ይችላል። ሁለተኛ፣ በርቀት መሳተፍ ይቻላል፤ ክፍያው ለከበደው እንዲቀርለት ይጠይቃል። ስብሰባው ሳን ፍራንሲስኮ ከሆነ ግን የእነሱ ከሰዓት በኋላ የአዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ገደማና ከዚያ ወዲያ ስለሆነ ማይክሮፎኑ ጋ ተራ የሚይዘው ሰፈሩ ሁሉ ሲተኛ ነው።