ሳይጠየቁ መምከር

ሁለት ሰዎች የዳማ ገበታ ዘርግተው በጠርሙስ ቆርኪ ሲጫወቱ ዙሪያቸውን የሚከብ ተመልካች አይጠፋም። ከተመልካቾቹም መካከል አንዱ «ያንን ብላው! እሱን አትንካ!» ማለቱ አይቀርም። በዚህ ጊዜ ተጫዋቹ ቀና ብሎ ያየውና «የምጫወተው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?» ሲል ይጠይቀዋል።

ይኸው ጠባይ ዛሬ በቪዲዮ ጨዋታም ዘንድ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2011 ትዊች የተባለው የቀጥታ ሥርጭት አገልግሎት ከተጀመረ ወዲህ፣ አንድ ሰው በቤቱ ተቀምጦ የሚጫወተውን ጨዋታ ብዙ ሰዎች በያሉበት ሆነው መመልከት እየተለመደ መጥቷል። ከሥዕሉ አጠገብ ተመልካቾች ሐሳባቸውን የሚጽፉበት ዓምድ አለ፤ ያልተጠየቀ ምክር የሚጎርፈውም በዚሁ ዓምድ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እንዲህ ያለውን መካሪ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሾፌሩን «ታጠፍ፤ ፍሬን ያዝ» እያለ ከሚያስቸግር ተሳፋሪ ጋር ያመሳስሉታል።

መካሪው ክፉ ሐሳብ የለውም፤ ብዙውን ጊዜ ጨዋታውን የሚወድ ሰው ነው። ታዲያ ምክሩ ስለ ምን ያስከፋል? እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን አውተር ዋይልድስ የተባለ ጨዋታ እንመልከት። ተጫዋቹ በአንዲት ትንሽ የፀሐይ ጭፍራ ውስጥ ከፕላኔት ወደ ፕላኔት ይዘዋወራል። በየ22 ደቂቃው ፀሐይ ትፈነዳለች፤ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ይጀምራል። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ተጫዋቹን ወደፊት የሚያራምደው ጉልበት ወይም የጦር መሣሪያ ሳይሆን፣ በየጉዞው የሚያገኘው ዕውቀት ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ተመልካች ምስጢሩን በአንድ መስመር ቢጽፍለት የቀረው ምንድን ነው? የወደቀ ተጫዋች እንደገና ሊነሣ ይችላል፤ የሰማውን ግን እንዳልሰማ ሊሆን አይችልም። ጨዋታውን ለመጀመሪያ ጊዜ የመጫወት ዕድል ለአንድ ሰው የሚሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነውና።

በዚህ ላይ ሥርጭቱ የቀጥታ ቢባልም ሥዕሉ ለተመልካቹ የሚደርሰው ጥቂት ሰከንዶች ዘግይቶ ነው። ስለዚህ «ዝለል!» ተብሎ የተጻፈው ቃል ተጫዋቹ ገደል ከገባ በኋላ ይደርሳል፤ ከምክርነት ይልቅ ወቀሳ ይመስላል።

በቼዝ ውድድር ነገሩ በሕግ የተወሰነ ነው። የዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ደንብ ተጫዋች በጨዋታው ጊዜ ምክር እንዳይጠቀም፣ ተመልካችም በጨዋታው ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክላል። እዚያ የሚጠበቀው የተቃራኒው ወገን መብት ነው። ብቻውን በሚጫወት ሰው ዘንድ ግን የሚጠበቀው የራሱ የማሰብ ደስታ ነው፤ ዳኛ ስለሌለውም ጥበቃው በተመልካቹ ጨዋነት ላይ የተመሠረተ ነው።

ምክር ራሱ ጨዋታ የሆነበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 በትዊች ላይ ፖኬሞን ሬድ የተባለው ጨዋታ ተመልካቾች በሚጽፉት ትእዛዝ ብቻ እንዲንቀሳቀስ ተደረገ። «ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ» የሚሉ ቃላት እየተጋጩ ገጸ ባሕርዩን ሲያንገላቱት ሰነበቱ፤ ከ16 ቀናት በላይ ከፈጀ በኋላ ጨዋታው ተፈጸመ። በዚያ ግን ተመልካቹ ተጋብዞ ነበር፤ ልዩነቱም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቋንቋው እንመለስ። የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች አስተያዩ፤ «በግራ ሂድ»፣ «በግራ ብትሄድስ?»፣ «እኔ ምንም አልናገርም፤ ግን በግራ ያለው በር ደስ ይላል»። የመጀመሪያው በትእዛዝ አንቀጽ ተነግሯል። ሁለተኛው በጥያቄ ለዝቧል። ሦስተኛው ደግሞ ዝምታ መስሎ ቀርቧል፤ በእኔ ግምት ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። የአነጋገሩ መልክ ቢለያይም ሦስቱም ያንኑ በር አሳይተዋል። የግሥ መለዘብ ፈቃድን አይተካም። ፈቃድ የሚጠይቀው «ፍንጭ ትፈልጋለህ?» የሚለው ነው፤ እሱም ቢሆን መልሱን ጠብቆ ዝም ለሚል ሰው ነው። የማናውቀውን ሰው «አንተ» ወይም «አንቺ» ብለን ከመጀመራችን በፊትም «እርስዎ» የሚል ቃል በቋንቋችን መኖሩን ማስታወስ አይከፋም።

አንዳንድ ተጫዋቾች ምክር እንደማይፈልጉ በሥርጭቱ ርእስ ላይ አስቀድመው ይጽፋሉ፤ ይህን እያነበቡ መምከር ድፍረት ነው። «ድምፅዎ አይሰማም» ማለት ግን ከጨዋታው ውጭ የሆነ ጉዳይ ስለሆነ ቶሎ መነገር አለበት፤ ተጫዋቹ በራሱ ሊያውቀው አይችልምና።

ተጫዋቹ ጨንቆት «ምን ላድርግ?» ብሎ ቢጠይቅስ? ያን ጊዜም ቢሆን መፍትሔውን በሙሉ መዘርገፍ አይገባም። መካሪው በመጀመሪያ «ቀደም ሲል ያለፉበትን ክፍል ልብ ብለው አይተውታል?» ይላል። ተጫዋቹ ተመልሶ አይቶ እንደገና ሲጠይቅ የግድግዳውን ጽሑፍ ይጠቁመዋል። የበሩን ቦታ የሚነግረው ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠየቅ ነው።