ጅቡቲ ስትቀዘቅዝ ልጆቹን ከቤት እናውጣ

በሐምሌና በነሐሴ ወደ ምርመራ ክፍሌ የሚመጣው ልጅ ብዙውን ጊዜ ሰውነቱ በሙቀት ሽፍታ የተሞላ፣ ውኃ ያጠረውና የዛለ ነው። ከኅዳር በኋላ ጉዳዩ ይለወጣል። «ሲስተር፣ ሰሞኑን ነፋሱ በርትቷል፤ ብርድ እንዳይመታው ብዬ ከቤት አላስወጣውም» ትለኛለች እናት። ልጁ ሹራብ ለብሶ፣ ካልሲ አጥልቆ፣ ኮፍያውን እስከ ጆሮው ደፍቶ ጉልበቷ ላይ ተቀምጧል። ውጭ 27 ዲግሪ ነው።

ስጋቷ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ደሴ ወይም ደብረ ብርሃን ላደገች ሴት ኅዳርና ታኅሣሥ የውርጭ ወራት ናቸው፤ እናቷ ያስተማረቻትን ጥንቃቄ ይዛ ነው ድንበር የተሻገረችው። እዚህ ግን በጥር እንኳ ቀን ላይ ሙቀቱ 29 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ ሌሊቱም ከ22 ዲግሪ እምብዛም አይወርድም። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ የሚነፍሰው ነፋስ ከምሥራቅ፣ ከባሕሩ የሚመጣ፣ እርጥብና ለዘብ ያለ ነው። በሰኔ ተራው ኻምሲን የሚባለው ነፋስ ይሆናል፤ ከምዕራብ፣ ከበረሃው አቧራውን ተሸክሞ ይመጣል፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ያን ጊዜ ልጅን በቀን ደጅ ማጫወት አይታሰብም። ልጆቻችን በፀሐይ ብርሃን እንደ ልባቸው የሚሮጡባቸው ወራት እንግዲህ እነዚህ የቅዝቃዜ ወራት ብቻ ናቸው። እነዚህንም በር ዘግተን ካሳለፍናቸው ዓመቱን በሙሉ ዘጋንባቸው ማለት ነው።

ቤቱ ደግሞ ከነፋሱ የሚሻል መጠጊያ አይደለም። እኔ የማያቸው ቤተሰቦች አብዛኞቹ አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። እዚያው ክፍል ውስጥ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፤ ነፋስ እንዳይገባ ተብሎ መስኮቱ ተዘግቷል። የሳንባ ምች የሚመጣው ከባክቴሪያና ከቫይረስ እንጂ ከባሕር ነፋስ አይደለም፤ የተዘጋ ቤት ጭስ ግን የሕፃን ሳንባ በሽታውን እንዳይቋቋም ያደርገዋል። ይህን ስነግራቸው ሹራቡን ወዲያው የሚያወልቁ እናቶች አሉ፤ የማያምኑኝም አሉ። ለማያምኑኝ የአገራችንን ጥናት እነግራቸዋለሁ።

ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው አዲስ አበባ ውስጥ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። የሳንባ ምች የያዛቸው 500 ሕፃናትና ያልያዛቸው 500 ሕፃናት ተነጻጽረው ነበር። ከታመሙት 210ሩ ሪኬትስ፣ ማለትም በቫይታሚን ዲ ወይም በካልሲየም እጥረት የሚመጣው የአጥንት መልፈስፈስ ነበረባቸው፤ ካልታመሙት ግን 20ዎቹ ብቻ። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አላት በምትባል አገር! ሰውነታችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ፀሐይ ቆዳን ስታገኘው ነው። ተጠቅልሎ ጓዳ የሚውል ልጅ አዲስ አበባም ይሁን ጅቡቲ ፀሐይዋ ለእሱ የለችም።

ሌላው ጉዳይ ሩጫው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ዕድሜው ሦስት ወይም አራት ዓመት የሆነ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት ይላል፤ ከዚህ ውስጥ 60ው ደቂቃ ልብን የሚያስመታ ሩጫና ዝላይ ይሁን፣ ስክሪን ከአንድ ሰዓት አይለፍ ይላል። «ምግብ እምቢ አለኝ፤ ማታም አይተኛም» ተብሎ የመጣ ልጅ ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ቀኑን የት እንደዋለ ነው። መልሱ በአብዛኛው ያው ነው፦ አልጋ ላይ፣ ስልክ ይዞ። መርምሬ በሽታ ካጣሁበት የምሰጠው ምክር የከሰዓት በኋላ ሽርሽር ነው። ምክሬን እንደ መድኃኒት ትእዛዝ በወረቀት ጽፌ እሰጣለሁ፤ እናቶች የተጻፈ ነገር ያከብራሉና።

«መዝናናት ገንዘብ ይፈልጋል» የሚለው መልስ እዚህ ላይ ይመጣል። እውነት አላቸው፤ ስለ ጅቡቲ የቅዝቃዜ ወራት የሚነገረው ሁሉ የባለ ገንዘብ ነው። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኅዳር ጀምሮ ግዙፉን ዌል ሻርክ በጀልባ ሄዶ ማየት፣ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው የአሳል ሐይቅ በመኪና መውረድ፣ ሙሻ ደሴት ውሎ መምጣት። ቤት ጠራጊ እናትና የወደብ ጫኝ አባት ይህን ከየት ያመጡታል? ስለዚህ እኔ የምጽፍላቸው ጉዞ በእግር የሚያልቅ ነው፤ መነሻውም ሜኔሊክ አደባባይ ነው።

አደባባዩ ከነጻነት በኋላ በይፋ የጁን 27 ቀን 1977 (እ.ኤ.አ.) አደባባይ ተብሏል፤ ሰው ግን ዛሬም ሜኔሊክ ይለዋል። ዙሪያውን በቅስት የተሠሩት የድሮ ሕንፃዎች በረንዳ አላቸው፤ ፀሐይ ስትበረታ ልጅን ጥላ ውስጥ ማሳረፍ ይቻላል። ካፌዎቹ ውድ ናቸው፤ መቀመጥ ግን ግዴታ አይደለም። በፔርሙስ ሻይ፣ በፌስታል ዳቦ ቆሎ ይዞ መምጣት ይበቃል። ቁራጭ ጠመኔ ካለ ሰኞ ማክሰኞ ይሠመራል፤ ገመድ ካለ ይዘለላል፤ ምንም ከሌለ አባሮሽ አለ። ልጆቻችን ከሶማሌና ከአፋር ልጆች ጋር እዚህ ሲጫወቱ ቋንቋውን ማንም ሳያስተምራቸው ይዘውት ይገባሉ። አባቶችን ደግሞ ሌላ ነገር እለምናለሁ፤ ለልጆቻችሁ የአደባባዩን ስም አስረዱ። አፄ ምኒልክ የባቡር ሐዲዱን ፈቃድ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 መሆኑን፣ ባቡሩ ከዚህ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ መድረሱን ንገሯቸው። ጅቡቲ ተወልዶ አገሩን በስልክ ብቻ ለሚያውቅ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከአደባባዩ ወደ ደቡብ ጥቂት እንደሄዱ እ.ኤ.አ. በ1906 የተሠራው የሐሙዲ መስጊድና ገበያው ይገኛሉ። እዚያ ትኩስ ባጂያና ሳምቡሳ በርካሽ ይገዛል። ወደ ሰሜን ከሆነ ጉዞው እስካል ወደሚባለው የጀልባ መቆሚያ ነው፤ ልጆች ጀልባ ሲገባና ሲወጣ ቆመው ማየት ይወዳሉ፤ መንገዱ ላይ መኪና ስላለ ትንንሾቹን እጃቸውን መያዝ ነው።

እኔ ከሁሉ የምመርጠው ሲዬስታ የሚባለውን የባሕር ዳርቻ ነው። ዳርቻው ለጥ ያለ ነው፤ ውኃው ሲሸሽ ሰፊ ጭቃማ ሜዳ ይገለጣል፤ ሲመለስ ሜዳው ይጠፋል። የሚሸሽበት ሰዓት በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ ዛሬ በ10 ሰዓት የሸሸ ባሕር በሳምንቱ በዚያው ሰዓት ሞልቶ ይገኛል። ዓሣ አጥማጆቹን ጠይቁ፤ በደስታ ይነግሯችኋል። ባሕሩ በሸሸበት ሰዓት የሄደ ልጅ ሸርጣን ሲያሳድድ፣ ዛጎል ሲለቅም፣ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የመጡትን ረጃጅም እግር ወፎች ሲመለከት ያመሻል። ጫማ ግን አይውለቅ፤ ጭቃው ውስጥ የጠርሙስ ስባሪ አይጠፋም። የተቆረጠ እግር በየሳምንቱ እሰፋለሁና ይህን ምክር ቀለል አድርጋችሁ አትዩብኝ።

ሰዓቱን በተመለከተ፦ ለጨቅላ ሕፃን የጠዋት ፀሐይ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ፣ እጅና እግሩ ተገልጦ፣ ዓይኑ ተጋርዶ ይበቃዋል። ቅባት መቀባት አያስፈልግም። ለሚሮጡት ከ10 ሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ ነው፤ በጥር ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ነው። ቀዝቀዝ ቢልም የሚሮጥ ልጅ ያልበዋል፤ ውኃ ያዙ። ከእኩለ ቀን እስከ 9 ሰዓት ያለው ፀሐይ በዚህም ወቅት ያቃጥላል። ሳል የያዘው፣ ትኩሳት የሌለው ልጅ ከሚወጡ ቤተሰቦች ጋር ይውጣ፤ ትኩሳት ያለበት ወይም ሲተነፍስ ጎኑ የሚሰረጉድ ልጅ ግን ወደ ባሕር ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ ነው የሚሄደው፣ ያውም በዚያው ቀን።

ምክሬ የማይደርሳቸው እናቶች አሉ። የመኖሪያ ወረቀት የሌላት እናት አደባባይ መቆም ትፈራለች፤ ፍርሃቷ እውነተኛ ስለሆነ «አይዞሽ፣ ውጪ» ብዬ አልገፋፋትም። ለእሷ የምላት ደጃፍሽ ላይ፣ ጎረቤቶችሽ ባሉበት፣ ከሰሉን አጥፍተሽ በሩን ክፈቺና ልጁን አጫውቺው ነው። ሰፈሩ ውስጥ ልጅ የሚያወጡ እናቶች ካሉ ልጇን ጨምረው እንዲወስዱላት እኔው ራሴ እጠይቃለሁ፤ እስካሁን እንቢ ያለችኝ የለችም።

ሌላዋ ደግሞ በየከሰዓቱ ሜኔሊክ አደባባይ የማያት ናት። የአሠሪዎቿን ልጆች በጋሪና በእጇ ይዛ ታዞራለች፤ የራሷ ልጅ በዚያ ሰዓት ተከራይታ በምትኖርበት ክፍል ከጎረቤት ጋር ተቀምጧል። እንዲህ ዓይነት እናቶች ክትባት ሊያስከትቡ ሲመጡ ልጃቸው ከሌሎቹ ዘግይቶ እንደቆመ ይነግሩኛል፤ ቆሞ የሚሄድበት ቦታ አላገኘማ። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለሚያነቡ፣ በከተማው ሠራተኛ ለቀጠሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ጥያቄ አለኝ። ሠራተኛችሁን ከልጆቻችሁ ጋር ለሽርሽር ስትልኳት የእሷም ልጅ አብሮ ይውጣ። ወጪው አንድ ተጨማሪ ሳምቡሳ ነው። ሙቀቱ እስኪመለስ ድረስ ያሉት ወራት ጥቂት ስለሆኑ ከመጪው ዓርብ ጀምሩ።